ዋልካ የፈተናቸው ጎማዎች

የጁቤ መኪና ሳታይ ጭነት የምታውቅ ከተማ ናት። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ደጋው አልቆ መሬቱ ወደ አባይ በረሃ ሊወርድ ሲል የተቆረቆረች የባሶ ሊበን ከተማ ስትሆን፣ ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ሰው ባይገምተውም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጎጃም ታላላቅ ገበያዎች አንዱ የሚውለው እሷ ዘንድ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1830ዎቹ አጋማሽ እዚያው አቅራቢያ የከረመው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ የባሶን ገበያ ጽፎታል። ከአባይ ማዶ፣ ከጉድሩ በኩል፣ ቡናው፣ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ ይመጣል፤ መደበቅ አይቻልምና ባሪያውም ይመጣል። ከወዲህ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርዳል። የሚጭነው በቅሎና አህያ ነው፤ ገደሉ ለከብት ሲጠብ ደግሞ የሰው ጀርባ። መንኮራኩር የሚባል ነገር በዚያ ሁሉ ንግድ ውስጥ አልነበረም።

ያልነበረው ሰው ጠፍቶ አይመስለኝም። የምሥራቅ ጎጃምን መሬት የረገጠ ምክንያቱን ያውቀዋል። ሜዳው ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ የከብት እግር የሚይዝ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ዝናብ ሲነካው ያብጥና እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ሜዳው ሲያልቅ ደግሞ ከጮቄ የሚወርዱት ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋና ሌሎቹ ወንዞች መሬቱን እየሰነጠቁ አባይ ይገባሉ። በአንድ ቀን መንገድ ጭቃውም ገደሉም ይፈራረቃል። በቅሎ ሁለቱንም ትችላለች። ከዚያ ወዲህ ወደዚህ አገር የመጣ ባለ ጎማ ሁሉ የተመዘነው በበቅሎዋ ልክ ነው፤ ብዙውም ወድቋል።

ከባድ ጭነት በመንኮራኩር ማንቀሳቀስ ምን እንደሚመስል በሰሜኑ አገር መጀመሪያ የቀመሱት የዐፄ ቴዎድሮስ ሰዎች ናቸው። ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ገደማ ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነስቶ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው፤ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ዳገቱን በገመድ ይጎትቱታል፤ ቁልቁለቱን ደግሞ እንዳያመልጥ በዚያው ገመድ ከኋላ ይይዙታል። ጋሪው ለመንገዱ አልተሠራም፣ መንገዱ ለጋሪው ተሠራ፤ ድንጋዩ ተፈልጦ፣ ገደሉ ተንዶ፣ ንጉሡም በእጃቸው እየሠሩ። ከዚህ የበለጠ ውድ አካሄድ የለም።

በምኒልክ ዘመን የመጣው ቀጣዩ መንኮራኩርም ብረት ነበር። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሄደውን የመንገድ መዳመጫ በ1896 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ጠረፍ አዲስ አበባ አስገባው፤ ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር አለው። እውነተኛው አውቶሞቢል የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች መኪናውን ይዞ መጣና ምኒልክ ተሳፈሩባት። አየር የሚነፋ ጎማ ከደንሎፕ ወዲህ ሃያ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ነገር ግን የዚያን ጊዜ ጎማ አብዛኛው ልሙጥ ነው። አሜሪካዊው ፋየርስቶን ጥርስ ያለው ጎማ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በዚያው በ1908 ሲሆን፣ ጥርሱም ሌላ ሳይሆን የኩባንያው ስምና «አይንሸራተትም» የሚል ጽሑፍ በጎማው ላይ ጎልቶ የወጣበት ነበር። ማስታወቂያውን ራሱን ጥርስ አደረገው፤ የነጋዴ ብልሃት ይሏል ይህ ነው።

ጎጃምን ግን አባይ ጋርዷት ቆየ። ለከባድ መኪና በሩ በግዴታ የተከፈተው ጣሊያን ሲገባ ነው። ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ፊያት 634፣ ሾፌሮቻችን ትሬንታ ኳትሮ እያሉ ያስታወሱት ናፍጣ ጠጪ፣ ጥይትና ዱቄት ጭኖ ወደ ደጋው ወጣ። ጣሊያን መኪናውን ለመሬቱ አላሻሻለም፤ እንደ ቴዎድሮስ መንገዱን ነው የሠራው። ስለዚህም መኪናው ከመንገዱ መውጣት አይችልም። በቢቸና አካባቢ በላይ ዘለቀና ሌሎቹ አርበኞች ይህን ከማንም በላይ አውቀውበታል። መንገዱ የጠላት፣ ከመንገዱ ውጭ ያለው ሁሉ የእነሱ ነበር።

ጃንሆይ በ1933 ዓ.ም. ጥር ላይ ከሱዳን ድንበር ሲገቡ፣ ከእንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት ጋር የመጣው ጦርም በዚሁ ፈተና አለፈ። መኪናው በቆላው ድንጋይና ቁጥቋጦ ሲንገላታ ዋናው ጭነት በግመል ላይ ወደቀ፤ 15 ሺህ ገደማ ግመል ተሰብስቦ ነበር። ግመል የአሸዋ ከብት ናት፤ የደጋው ብርድና ኮረት አይስማማትም፤ አብዛኞቹ በየመንገዱ አለቁ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ከኋላቸው የግመል ሬሳ የመንገድ ምልክት ሆኖ ነበር ይባላል።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሁለት ነገር ተረፈ፦ የተጣለ መኪናና አገር ውስጥ የቀረ ጣሊያናዊ መካኒክ። የእኛ ጋራዥ የተወለደው ከእነዚህ ነው። ከአንዱ ትሬንታ ኳትሮ ዲፍረንሻል፣ ከሌላው ባሌስትራ፣ ከሦስተኛው ቸርኬ እየተነቀለ አንድ የሚሄድ መኪና ይወጣል። ዛሬ በአራት ጎማ ነጂዎች ዘንድ ማሻሻል እየተባለ እንደ መዝናኛ የሚታየው ሥራ እዚህ አገር የተጀመረው በችግር ነበር። ለማማር የተቀየረ ነገር አልነበረም፤ የተሰበረው እንዲሄድ ነው።

ከዚያ ጂፕና ላንድሮቨር መጡ። ላንድሮቨር ለዓለም የታየችው በ1940 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1948) ነው። አጭሯ 6.00-16 ጎማ ታደርጋለች፤ ረጅሟ 7.50-16። ይህ ሁለተኛው ቁጥር በአገራችን የገጠር መንገድ ላይ የቆየውን ያህል የቆየ የመኪና ዕቃ አላውቅም። 7.50 የጎማው ውፍረት በኢንች ሲሆን 19 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ 16ቱ የቸርኬው ዲያሜትር። ጠባብ ነው። ለጠባብነቱም ምክንያት አለው። የላዩ ጭቃ ስስ ሆኖ ከሥር ጠንካራ መሬት ካለ፣ ጠባቡ ጎማ ጭቃውን ቆርጦ ወርዶ ጠንካራውን ይይዛል፤ ሰፊው ግን ላዩ ላይ ይንሳፈፍና ይንሸራተታል። ሥር የሌለው ረግረግ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ የሚያወጣው መስፋት ነው። ዋልካ ሁለቱም ነው፤ በግንቦት መጨረሻ አንዱ፣ በነሐሴ ሌላው። ነሐሴ ላይ ብልህ ሾፌር መኪናውን አቁሞ በእግሩ ይሄዳል።

ላንድሮቨሯ በገጠር ከተሞች መካከል የሕዝብ ማመላለሻ ሆነች፤ ስትሆንም ተቀየረች። ከኋላ አግዳሚ ወንበር ገባላት፣ ጣራዋ ላይ ፖርቶመጋላ ተበየደላት፣ ባሌስትራዋ ላይ አንድ ሁለት ቅጠል ተጨመረላት። ከሦስቱ አደገኛው የመጨረሻው ነው፤ ጭነቱ የቀለለ ስለሚመስል ሾፌሩ ሌላ ይጨምርበታል። ባሌስትራው ቢችልም ጎማውና ፍሬኑ ያው የፋብሪካው ናቸው። እህል ከላይ፣ ሰው ከውስጥ፣ የመኪናዋ ክብደት ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ በጠርዝ መንገድ ላይ አንድ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ መገልበጥ ነው።

በ1960 ዓ.ም. ክረምት የሞጣና የቢቸና ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሸፍቶ ነበር፤ መንግሥትም አውሮፕላን እስከ መላክ ደርሷል። በዚያው ክረምት፣ የእንግሊዝ ጦር መኮንን የሆነው ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የሚመራው ቡድን በጃንሆይ ፈቃድ አባይን በሚነፉ ጀልባዎች ለመውረድ መጣ። ላንድሮቨርም ይዘው ነበር። የሰውየውን ነገር እዚህ ማንሳቴ ግን ስለ ጀልባው አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ስለደረሰበት ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ይኸው መኮንን ሬንጅሮቨር አስከትሎ ከአላስካ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ የሚደረግ ጉዞ መራ። መንገድ የሌለበት የዳሪየን ረግረግ ላይ ሲደርሱ ለዚያ ተብለው የተዘጋጁ እጅግ ግዙፍ የረግረግ ጎማዎች ተገጠሙ። ሐሳቡ ለሚሰማው ትክክል ነው፤ ሰፊ ጎማ ይንሳፈፋል። መኪኖቹ ግን ብዙ ሳይሄዱ የኋላ ዲፍረንሻላቸው ተራ በተራ ይፈነዳ ጀመር። ኩባንያው መሐንዲስ በአውሮፕላን ላከ። ጥፋቱ የተገኘው ጎማው ላይ ነው፤ ከባዱ ጎማ ሲሽከረከር ቆይቶ ድንገት ግንድ ሲነክስ፣ ያጠራቀመው ጉልበት በሙሉ ወደ ዲፍረንሻሉ ጥርስ ይመለሳል፤ ጥርሱ ደግሞ የተሠራው ለመደበኛ ጎማ ነው። ወደ መደበኛው ጎማ ሲመለሱ ጉዞው ቀጠለ። ትልቅ ጎማ ገጥሞ መንገድ ለመውጣት የሚያስብ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ ይህ ይመስለኛል፤ ያውም በዓለም ደኅና ከተባሉት መካኒኮች ጋር የተደረገ ነው።

አዲስ ጎማ የተባለው የአገር ውስጥ ፋብሪካ የተቋቋመው የዳሪየኑ ጉዞ በተደረገበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በኋላ ከስሎቫኪያው ማታዶር ጋር ተሻርኮ ማታዶር አዲስ ተባለ፣ ከዚያም ሆራይዘን አዲስ። አገር ውስጥ ጎማ መሠራቱ ለገጠር ሾፌር ትልቅ ነገር ነበር፤ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋም የሚገኘው እሱ ነበር። ሾፌሮች ናይለን የሚሉት፣ ክሩ በሰያፍ የተደራረበው ጎማ ጎኑ ወፍራም በመሆኑ የድንጋይ ጥርስ ቶሎ አይበሳውም፤ በአስፋልት ፍጥነት ግን ቶሎ ይግላል። ሽቦ የሚሉት ራዲያል አስፋልቱን በቅዝቃዜ ይሄዳል፤ ጎኑ ግን ስስ ነው። ከቢቸና ወደ ቆላ የሚወርድና አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው አንድ ዓይነት ጎማ አይገዛም።

ደርግ ይዞት የመጣው ኦራል ነው። ስድስቱም ጎማ የሚነዳው ይህ የሶቪየት የጭነት መኪና፣ በጦሩ ዘንድ ጭቃ የማይበግረው ተብሎ ስም ያተረፈው በሞተሩ ጉልበት ብቻ አልነበረም። ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ የጎማውን ነፋስ የሚቀንስበትና የሚጨምርበት መሣሪያ አለው። ጭቃ ሲያይ ያስተነፍሳል፤ ጎማው ይንጣለልና መሬት የሚነካው ስፋት ይጨምራል። ጠንካራ መንገድ ሲደርስ መልሶ ይነፋል። ሲቪሉ ሾፌር ያንኑ የሚሠራው ቫልቩን በክብሪት እንጨት ተጭኖ ነው፤ ለምሳሌ ከ40 ወደ 20 ፒኤስአይ። ችግሩ መልሶ መንፋቱ ላይ ነው። ፓምፕ ያልያዘ ሰው ባስተነፈሰው ጎማ አስፋልት ላይ ሲከንፍ፣ የጎማው ጎን በየዙሩ እየታጠፈ ይግልና ይቀደዳል። የኦራል ሾፌር እንዲህ ያለ ሰበብ አልነበረውም።

ለሌላው ሰው ዘመኑ የመለዋወጫ ድርቅ ነበር። ጎማ እስከ ሸራው ይነዳል። ሲበሳ፣ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ከውስጥ ይደገፍና ይቀጥላል። ለመኪና ፈጽሞ አልሆን ሲል በረባሶ ሆኖ በሰው እግር ሌላ ዕድሜ ይጀምራል፤ የጎጃም ገበሬ በዚያ ጎማ ያረሰውን ያህል መኪናው አልሄደበትም ቢባል ግነት አይሆንም።

በ1977ቱ ረሀብ ጊዜ የእርዳታ ድርጅቶች ላንድክሩዘር ይዘው ገቡ። ቶዮታ 70 የሚባለውን ዓይነት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነበርና ጊዜው ገጠመ። በሚቀጥሉት ዓመታት ላንድሮቨርን ከገጠር ገፍታ አስወጣቻት፤ ጎማዋ ግን ያው የድሮው ቁጥር፣ 7.50-16፣ ከነካላማዳሪው። ቸርኬዋም ከሁለት ቁራጭ የሚገጠም፣ ጎማውን የብረት ቀለበት የሚይዘው ነው።

ይህን ጎማ ሲፈታ ማየት ከፈለጉ ከደጀን ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ አሮጌ ጎማ ተሰቅሎ ጎሚስታ የሚል የተጻፈበት ቦታ መቆም ነው። ልጁ በክሪክ ያነሳል፣ ቡሎኑን ፈቶ ጎማውን መሬት ላይ ያጋድማል። ቫልቩን ነቅሎ ነፋሱን ሙሉ በሙሉ ያስወጣል፤ ፉጨቱ እስኪጠፋ እጁን ወደ ቀለበቱ አይሰድም። ከዚያ በሁለት ፌሮና በመዶሻ ቀለበቱን ዙሪያውን እየነቀነቀ ያላቅቃል። ካላማዳሪውን አውጥቶ ውኃ ውስጥ ይነክራል፣ አረፋው በሚወጣበት ምልክት ያደርጋል፣ በሞረድ ያሻክረዋል፣ ይለጥፋል። የጎማውን ውስጥም በመዳፉ ዙሪያውን ይዳብሳል፤ የበሳው ሚስማር ወይም እሾህ እዚያው ካለ አዲሱን ልጥፍ ነገ ይበሳዋል። ሞቱ ያለው መንፋቱ ላይ ነው። ቀለበቱ በደንብ ካልተቀመጠ ነፋሱ ሲሞላ እንደ ጥይት ይወጣል። የሚያውቅ ጎሚስታ ቀለበቱን ወደ መሬት ገልብጦ ወይም ዙሪያውን በሰንሰለት አስሮ፣ ራሱ ዞር ብሎ ይነፋል። የማያውቀው ፊቱን ደፍቶ ይነፋል። ጎሚስታ መምረጥ ጎማ ከመምረጥ አይተናነስም።

ከደርግ በኋላ ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛው አይሱዙ ነው። ሻንሲው ላይ የአገር ውስጥ ባለሙያ ላሜራ ቀጥቅጦ አውቶቡስ ያደርገዋል፤ ሕዝቡም ቅጥቅጥ ይለዋል። የጭነት መኪናው ደግሞ በአደጋው ብዛት አልቃይዳ ተብሏል፤ ስሙን ያወጣለት ተሳፋሪ እንጂ ጠላት አይደለም። ሁለተኛው አስፋልት ነው። ጭቃው ሲቀር ፍጥነት መጣ፤ የጎማ ጥፋትም ከመስጠም ወደ መፈንዳት ዞረ።

ሁሉም ቦታ ግን እኩል አልተለወጠም። ከሞጣ ወዲያ፣ አባይ ላይ፣ ከጎንደር ዘመን የቆየው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ጦርነት ከተቆረጠ ጀምሮ ሰው የሚሻገረው በገመድ እየተጎተተ ነበር። ይህን በፎቶ ያየ ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2002 አስጠገነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ተሠራ። መኪና አያሻግርም። በታችኛው በኩል፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በሚያልፈው ዋና መንገድ፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ተመርቋል። አንዱ የአህያ፣ አንዱ የተሳቢ፤ ወንዙ ያው ነው።

የአባይን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሾፌር ከድልድዩ በፊት ጎማው ይሸተዋል። ከላይ ብርድ ነው፣ ከታች በረሃ፤ ከፍታው ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል። የፍሬኑ ሙቀት ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ ጎማው ይገባል። የድሮ ሾፌሮች በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚሉት ለዚህ ነው።

የሰሞኑ ፋሽን መኪናን ከፍ ማድረግና ትልቅ ጎማ ማስገጠም ነው፤ አዲስ አበባ የሚሠራው ወደ ክፍለ ሀገር ይወርዳል። 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ጎማ የተሠራ መኪና 35 ኢንች፣ ማለት 89 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ሲገጠምለት ፍጥነት መለኪያው 80 ሲል መኪናው የሚሄደው 89 ግድም ነው። ፍሬኑ ሊያቆመው የሚገባው ጎማ ከበደ፤ የሞተሩ ጉልበት ጎማው ጋ ሲደርስ አነሰ፤ የመኪናው ሆድ ከመሬት ሲርቅ ሚዛኑም ላይ ወጣ። የዳሪየኑ ዲፍረንሻል ሲጨመርበት ሒሳቡ ይሞላል። አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ከዚያ ወዲያ ፍሬኑንም፣ ማርሹንም፣ አሞርዛተሩንም አብሮ መቀየር ነው፤ ያን ያህል ብር ያለው ሰው ደግሞ መርካቶ አይከራከርም።

መርካቶ የሚከራከረው ሰው ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ ይፈልግ። 3522 ካለ በ2022 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሳይነካ ስድስትና ሰባት ዓመት ፀሐይ የመታው ጎማ አዲስ አይባልም፤ ጎኑን አጥፎ ስንጥቁን ማየት ነው። በአንድ አክስል ላይ አንዱን ናይለን አንዱን ሽቦ ማድረግ ፍሬን ሲያዝ መኪናውን ወደ ጎን ይወስደዋል። የጭቃ ጎማ የሚባለው ጥርሱ የተራራቀው፣ ዋልካውን እየተፋ ይሄዳል፤ ዝናብ በነካው አስፋልት ላይ ግን የሚይዘው ጥቂት ነው። አብዛኛውን ወር አስፋልት፣ ጥቂቱን ወር ጭቃ ለሚሄድ ሰው የመካከለኛው ይበቃዋል። አዋጅ ቁጥር 681/2002 የተሽከርካሪ ምርመራን በሕግ አስቀምጧል፤ ቦሎ ለማውጣት ጎማ ተከራይቶ የሚገጥም አለ ሲባል ግን እሰማለሁ፤ የተከራየው ጎማ አባይን አብሮ አይወርድም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ፤ የኤሌክትሪኩ ተራ ደረሰ ማለት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለቱን በሞተሩ እየያዘ ስለሚወርድ ቸርኬው ብዙም አይግልም፤ ለአባይ በረሃ የተፈጠረ ይመስላል። በሌላ በኩል ባትሪው ኪሎ ይጨምራል፣ ሞተሩም ከቆመበት ሲነሳ ጉልበቱን ባንዴ ስለሚለቅ የጎማ ጥርስ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ሲገዙ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ከመጠኑ ጎን ያለው የጭነት ቁጥር መነበብ አለበት፤ ልኩ ገጠመ ተብሎ ለቀላል መኪና የተሠራ ጎማ ከገባ፣ ደጀን ሳይደርስ ጎሚስታ ፍለጋ ነው።